የነጥቡ ዕድሜ

ዘመድ ለመቀበል ቦሌ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ስልኩን ያወጣል፣ የበረራ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ካርታው ላይ ብቅ ያለችውን ትንሽ አውሮፕላን በዓይኑ ይከተላል። «ቀይ ባሕርን ተሻገረች»፣ «ደረሰች፣ ተነሱ» እያለ ቤተሰቡን ያጣድፋል። ከጅዳም ይሁን ከዋሽንግተን የሚመጣን ሰው እንዲህ እየተከታተሉ መቀበል ከሃያ ዓመት በፊት ለተራው ሰው የማይታሰብ ነገር ነበር።

አውሮፕላኖች ለማረፍ በሚወርዱበት መስመር ሥር ቆሞ ይህንኑ የሚያደርግ ሰው ግን አንድ ነገር ይታዘባል። አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ ከራሱ በላይ እያጓራ ያልፋል፤ ስልኩ ላይ ያለችው አውሮፕላን ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና እየመጣች ነው። ለማረፍ የሚወርድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ይህም በሰከንድ 72 ሜትር ማለት ነው። ካርታው በ10 ሰከንድ ከዘገየ ነጥቡና አውሮፕላኑ በ720 ሜትር ተለያይተዋል። ዘመዱን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ እስኪወጣ ገና ብዙ ደቂቃ ይቀረዋል።

አሁን ስልኩን ከተቀባዩ እጅ ወስደን በአንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ፣ ከአብራሪው ጉልበት በላይ እንስቀለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ የግል አብራሪዎች የሚበሩት እንዲህ ነው። የበረራ መተግበሪያው ካርታውን፣ የተከለከሉ ክልሎችን፣ የአየር ጠባዩንና የማረፊያ ሜዳዎችን ያሳያል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት የሚመጡ የሌሎች አውሮፕላኖች ነጥቦች ካርታው ላይ ታክለዋል። አብራሪው ነጥቦቹን ምን ያህል ይመን? መልሱ የሚገኘው ነጥቡ ከየት ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ሲታወቅ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉትን ይዘን ከምንጩ እንነሳ።

ከምንጩ

የድሮው ራዳር ጠያቂ ነው። አንቴናው እየዞረ «ማን ነህ? ከፍታህስ ስንት ነው?» ይላል፤ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ትራንስፖንደር ይመልሳል። ኤዲኤስ-ቢ የሚባለው አሠራር ግን ጥያቄ አይጠብቅም። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሰላና እንደ አዋጅ ነጋሪ ለሰማው ሁሉ ያውጃል። የሚያውጀው በ1090 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው። አንዱ መልእክት 112 ቢት ብቻ ስለሆነ ተነግሮ ለማለቅ 120 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ለብቻው የተሰጠው ባለ 24 ቢት መለያ በየመልእክቱ ውስጥ አለ፤ ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነትም በየተራ ይነገራሉ። በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ቦታውን ብቻ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይናገራል።

ይህን መሣሪያ መያዝ በአሜሪካ ቁጥጥር በሚደረግበት አብዛኛው የአየር ክልል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። አውሮፓም በዚያው ዓመት ደንቧን ሥራ ላይ አውላለች፤ የአውሮፓው ግዴታ ግን በከባዶችና በፈጣኖች ላይ የተጣለ ስለሆነ ትንንሾቹን አይነካም። ሞተር የሌላቸው ግላይደሮች ሌላ መፍትሔ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በስዊዘርላንድ የተጀመረው ፍላርም አነስተኛ ኃይል ባለው ሬዲዮ ቦታቸውንና ይሄዱበታል ተብሎ የተሰላውን መንገድ እርስ በርስ ያነጋግራቸዋል፤ የሁለቱ መንገድ ሊገጥም ሲል ያስጠነቅቃል።

አዋጁ ምሥጢር አይደለም፤ አንቴና ያለው ሁሉ ይሰማዋል። አዋጁን ሰብስቦ በካርታ የሚያሳየውን ፍላይትራዳር24ን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ስዊድናውያን የአቪዬሽን አፍቃሪዎች ነበሩ። በኤፕሪል 2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ፣ ባዶውን ካርታ ለማየት ዓለም ሁሉ ወደ እነሱ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ደግሞ ቴሌቪዥን በኮምፒውተር ለማየት የሚሸጥ የአውራ ጣት የምታህል ርካሽ መቀበያ ሌሎች ብዙ ሞገዶችንም ልትሰማ እንደምትችል ታወቀ። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባለ ጣሊያናዊ ፕሮግራመር በዚህች መቀበያ የአውሮፕላኖችን ንግግር የሚተረጉም ነፃ ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የጣሪያ አንቴና መትከል የብዙዎች ትርፍ ጊዜ ሥራ ሆነ። ለተመራማሪዎች መረጃ የሚሰበስበው ኦፕንስካይና የግላይደሮችን የፍላርም ድምፅ የሚያዳምጠው ኦፕን ግላይደር ኔትወርክ የበጎ ፈቃደኞች አንቴና ውጤቶች ናቸው።

ኤዲኤስ-ቢ የሌለው ነገር ግን ለራዳር የሚመልስ ትራንስፖንደር ያለውን አውሮፕላን እንኳ እነዚህ አንቴናዎች ተባብረው ያገኙታል። አራት አንቴናዎች አንዱን ድምፅ በተለያየ ቅጽበት ይሰሙታል፤ ሬዲዮ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ስለሚሄድ፣ ከሰዓታቸው ልዩነት ቦታው ይሰላል። ጎረቤታሞች ጣሪያቸው ላይ በሰቀሉት ሽቦ ሰማዩን ማንበብ መቻላቸው በእውነት የሚደነቅ ሥራ ነው።

እስከ እንስራው

አሁን ውኃው ይቀዳ። ምንጩ ላይ ያለው ውኃ ንጹሕና ትኩስ ነው። ድምፁ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ አንቴና ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ለሦስት ሺህ ተከፍሎ አንዱ ብቻ ይበቃዋል። ጊዜ የሚባክነው ከዚያ በኋላ ነው።

የአንቴናው ባለቤት ኮምፒውተር መልእክቶቹን ይሰበስብና በጥቅል ይልካል። የድርጅቱ ሰርቨር ከብዙ አንቴና የመጣውን ያገናኛል፣ ይደረድራል፣ የማይመስለውን ይጥላል። የመተግበሪያው ባለቤት መረጃውን ከሁለትና ከሦስት ድርጅት የሚገዛ ከሆነ ሌላ ሰርቨር ይጨመራል። አብራሪው እጅ ያለው ስልክ በበኩሉ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ መተግበሪያ በየሰከንዱ፣ ሌላው በየ10 ሰከንዱ። የመጨረሻው መንገድ የሞባይል ኔትወርክ ነው። የስልክ ማማዎች አንቴና ወደ ሰው፣ ማለትም ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ከፍ ብሎ የሚበር ስልክ ብዙ የሩቅ ማማዎችን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል መስመሩ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆረጣል።

በደህናው ቀን ይህ ሁሉ ተደምሮ ጥቂት ሰከንድ ይሆናል። ክፉ ቀን ሲሆን ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ትልቁ ችግር መዘግየቱ ተለዋዋጭ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ 10 ሰከንድ ቢዘገይ አብራሪው ይለምደው ነበር። አሁን ያየው ነጥብ የ3 ሰከንድ ይሁን የ40 ሰከንድ ካልተነገረው ግን ምንም ሊለምድ አይችልም።

ይህ ጉዳይ በአየር ጠባይ መረጃ አስቀድሞ ደም አፍስሷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በጁን 2012 ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በኮክፒት ውስጥ የሚታየው የዝናብ ራዳር ምስል ጎን የተጻፈው ዕድሜ የሚቆጠረው የየራዳሩ ምስል ተገጣጥሞ ካለቀበት ቅጽበት ነው፤ ራዳሩ ደመናውን ካየበት ቅጽበት አይደለም። ስለዚህ ምስሉ ከተጻፈው ዕድሜ በላይ እስከ 20 ደቂቃ ሊያረጅ ይችላል። ቦርዱ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች በመነሳት ነበር። ሰዓቱ የተመታው ምንጩ ላይ ነው ወይስ እንስራው ቤት ሲገባ? የትራፊክ ነጥብ የሚያሳይ መተግበሪያ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።

ያረጀ ውኃ የሚጠቅምበት ቀን

ዕድሜ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለምን ሥራ እንደተፈለገ ማየት ያስፈልጋል። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በመሪር ሐዘን ተምረነዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት ፍላይትራዳር24 የሰበሰበው መረጃ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድበት ፍጥነት አለመረጋጋቱን አሳየ። የምድር አንቴና በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጆሮ ነበር። በኢሪዲየም ሳተላይቶች ላይ የተጫኑት የኤሪዮን መቀበያዎች ያንኑ አዋጅ ከሕዋ ሆነው ሰምተውታል።

ቻይናም፣ አውሮፓም ማክሶቹን አቁመው ሳለ አሜሪካና ካናዳ ለጊዜው አላቆሙም ነበር። መጋቢት 4 ቀን የካናዳው የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ አዲስ የሳተላይት መረጃ መመልከታቸውን፣ የበረራው መስመር ከአምስት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው የላየን ኤር ማክስ ጋር መመሳሰሉን ገልጸው አውሮፕላኖቹን አገዱ። አሜሪካም በዚያው ቀን ተከተለች። ያ መረጃ የሦስት ቀን ዕድሜ ነበረው፤ ዕድሜው ግን ኃይሉን አልቀነሰበትም። የተጠየቀው «ምን ሆነ?» ተብሎ ነበርና።

ኮክፒት ውስጥ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «አሁን የት ነው?»

አሥር ሰከንድ ስንት ነው?

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ሲያስተምር የሚጠቀምበት አንድ ስሌት አለ። አንድ አብራሪ ሌላ አውሮፕላን አይቶ እስኪያመልጥ 12.5 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ማየቱ የሰከንድ አሥረኛ ነው፤ አውሮፕላን መሆኑን መለየት 1 ሰከንድ፣ ወደ ግጭት እየሄዱ መሆኑን መረዳት 5፣ ወዴት ልዙር ብሎ መወሰን 4፣ እጅ እስኪታዘዝ 0.4፣ አውሮፕላኑ ራሱ እስኪታጠፍ 2 ሰከንድ።

ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በ100 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ185 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ በየሰከንዱ 103 ሜትር ይቀራረባሉ። በ12.5 ሰከንድ ወደ 1,300 ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ ነጥቡ ስክሪኑ ላይ 1,300 ሜትር ርቆ ታየ እንበል፤ ዕድሜው ደግሞ 10 ሰከንድ ነው። በእነዚያ 10 ሰከንዶች ያኛው አውሮፕላን ከ500 ሜትር በላይ ቀርቧል። ለአብራሪው የቀረው ከ8 ሰከንድ በታች ነው፤ ከዚያም ላይ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ ሰማይ መመለስ አለበት። ሊጋጭ የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ በመስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ስለማይል፣ ቆማ እንደምትገዝፍ ነጠብጣብ ስለሚታይ፣ ለዓይን ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ያንኑ ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር እናርቀው። ሊገናኙ 78 ሰከንድ ይቀራቸዋል። የ10 ሰከንድ ዕድሜ ከዚህ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። አብራሪው ከፍታውን ለመቀየር፣ በሬዲዮ ለመናገር፣ ዓይኑን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ለመላክ ጊዜ አለው። «ከዚያ ተራራ ጥግ ስድስት ግላይደሮች እየተሽከረከሩ ነው»፣ «ከፊት ባለው ሜዳ ላይ የፓራሹት ዘላዮች አውሮፕላን እየወጣ ነው» የሚል ወሬ ከ10 ሰከንድ በኋላም እውነት ነው። ከኢንተርኔት የሚመጣ የትራፊክ መረጃ ቦታው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ይመክራል፤ በቅርብ አያድንም። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አውሮፕላን ከአውሮፕላን በቀጥታ የሚነጋገርባቸው ፍላርምና ቲካስ የሚባለው የትልልቆቹ አውሮፕላኖች የግጭት መከላከያ ይሻላሉ፤ በነሱና በሰማዩ መካከል ሰርቨር የለምና።

ትንቢትና ጥላ

አንዳንድ መተግበሪያ ዕድሜውን በትንቢት ሊያካክስ ይሞክራል። የመጨረሻውን ፍጥነትና አቅጣጫ ይዞ «አሁን እዚህ መድረስ አለበት» ብሎ ነጥቡን ወደፊት ይገፋል። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ የመንገደኞች አውሮፕላን ይህ በደንብ ይሠራል። በሞቃት አየር ላይ እየተሽከረከረ ከፍ የሚል ግላይደር ግን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየበረረ አንዱን ዙር በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። የዙሩ ስፋት 160 ሜትር አካባቢ ነው። በ15 ሰከንድ ቀጥታ ትንቢት ነጥቡ 375 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ ግላይደሩ ግን ከዚያች ጠባብ ክብ አልወጣም። ያረጀው ነጥብ ከተተነበየው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው የራስ ጥላ ነው። የአብራሪው አውሮፕላን ራሱ ኤዲኤስ-ቢ ካለው ድምፁ በአንቴናና በሰርቨር ዞሮ ወደ ገዛ ስልኩ ይመለሳል። መተግበሪያው «በዚሁ ከፍታ፣ በ500 ሜትር ርቀት፣ ከኋላህ አውሮፕላን አለ» ይላል። አብራሪው ቢታጠፍ ያኛውም ተከትሎ ይታጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የራስን ባለ 24 ቢት መለያ መተግበሪያው ውስጥ ማስገባት። ፍላርምም ኤዲኤስ-ቢም የያዘ አንድ አውሮፕላን ሁለት ሆኖ ሲታይም እንዲሁ መለያዎቹን ማዛመድ ያስፈልጋል።

ከፍታም ያሳስታል። ኤዲኤስ-ቢ በዋናነት የሚናገረው 1013.25 ሄክቶፓስካል የሚባለውን መደበኛ የአየር ግፊት መነሻ ያደረገ ከፍታ ነው። ስልኩ ደግሞ የራሱን ከፍታ በጂፒኤስ ይለካል። የባሕር ወለል አካባቢ የአንድ ሄክቶፓስካል ልዩነት 8 ሜትር ያህል ነው፤ የዕለቱ ግፊት ከመደበኛው በ20 ቢለይ ሁለቱ መለኪያዎች በ160 ሜትር ይፋለሳሉ። ሁለቱን ሳያስታርቅ የሚያወዳድር መተግበሪያ በአንተው ከፍታ ላይ ያለውን አውሮፕላን በሰላም ከበታችህ የሚያልፍ አስመስሎ ሊያሳይህ ይችላል።

ምንጩ ራሱ የሚደፈርስበት ጊዜም አለ። አዋጁ ፊርማ የለውም፤ አውሮፕላኑ ከጂፒኤስ የተቀበለውን ሁሉ እንደ እውነት ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የጂፒኤስ ምልክት በተጭበረበረበት ጊዜ፣ በአየር ላይ የነበሩ ብዙ አውሮፕላኖች በካርታዎች ላይ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ታይተዋል።

ባዶ ስክሪን፣ ባዶ ያልሆነ ሰማይ

እስካሁን ያወራነው ስለሚታዩት ነው። የማይታዩትስ? እነዚህ ሞገዶች ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ የምድር ክብነትና ተራራ ያግዳቸዋል። 10,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ሜዳ ላይ ካለ አንቴና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይሰማል። 300 ሜትር ላይ የሚበር ግን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ አይሰማም፤ መካከል ላይ ጋራ ካለ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትርም ሩቅ ነው። በአልፕስ ሸለቆ ወይም በዓባይ በረሃ ገደል ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚበርን የሚሰማው ከላይ የተቀመጠ ጆሮ ብቻ ነው። የግል አብራሪዎች የሚገናኙት ደግሞ በዚሁ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ነው።

ምንም መሣሪያ የሌላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች፣ ፓራግላይደሮችና ባሉኖችም አሉ። እንዳይታዩ ጠይቀው ከሕዝብ ካርታ የተሰወሩም አሉ። አንዳንዱ መሣሪያውን ማብራት ረስቷል። ባዶ ስክሪን ያየ አብራሪ ሰማዩ ባዶ ነው ብሎ ከደመደመ ስክሪኑ ባይኖረው ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ታማኝ መተግበሪያ ምን ያደርጋል? ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ዕድሜውን በሰከንድ ይጽፋል፤ ዕድሜውንም የሚቆጥረው ከምንጩ ነው። ያረጀውን ነጥብ እያደበዘዘ ይሄድና ከወሰን ሲያልፍ ያጠፋዋል። በቀጥታ ሬዲዮ የሰማውንና ከኢንተርኔት ያገኘውን በተለያየ ምልክት ያሳያል፤ ለሁለተኛው የግጭት ደወል አይደውልም። መስመሩ ሲቆረጥ «አሁን አላይም» ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ ዝምታው እንደ ሰላም እንዳይቆጠር። ከፍታዎችን ወደ አንድ መለኪያ ያመጣል፣ የአብራሪውን የራሱን ጥላ ያስወግዳል። እነዚህ ሁሉ ከባድ የምህንድስና ምሥጢሮች አይደሉም። የሚጠይቁት የማያውቁትን አላውቅም የማለት ድፍረት ነው፤ በአየር ላይ ደግሞ ይህ ድፍረት ነፍስ ያድናል።

አብራሪውም የራሱ ድርሻ አለው። ነጥቦቹን ከመነሳቱ በፊትና ወደ ሸለቆው ከመግባቱ በፊት ያይ፤ የት መጠንቀቅ እንዳለበት ይወቅ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስታወቱ ይመልስ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዘመድ ልትቀበሉ ስትሄዱ ይህን ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። አውሮፕላኖች በሚወርዱበት መስመር ሥር ቁሙ። አውሮፕላኑ ከራሳችሁ በላይ ሲደርስ መቁጠር ጀምሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ነጥቡ እናንተ ያላችሁበት ቦታ እስኪደርስ። የደረሳችሁበት ቁጥር የነጥቡ ዕድሜ ነው። በሚቀጥለው አውሮፕላን ድገሙት፤ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። እናንተ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። በአየር ላይ ያለው አብራሪ ግን አይችልም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከነጥቡ ጎን ተጽፎ ሊጠብቀው ይገባል።